ግብር
ከባሕር ዳር ጊዮርጊስ አንሥቶ በጣና ዳር እስከ ዘጌ ባሉት አድባራት የሚያገለግሉ ካህናት «ግብር» ሲባል አስቀድመው የሚያስቡት፣ ገብረ፣ ማለትም ሠራ፣ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣውንና በግብረ ዲቁና፣ በግብረ ሕማማት የለመዱትን፣ ሥራና አገልግሎት የሚለውን ፍቺ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ የአድባራቱን መሬት ካስቀረ ወዲህ ግን፣ ብዙዎቹ ካህናት በደመወዝ የሚተዳደሩ ስለሆኑ፣ ቃሉ በደመወዝ መክፈያው ላይ ተቀናሽ ሆኖ ይነበባል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ ከወር ደመወዝ እስከ 2,000 ብር ያለው ነፃ ነውና፣ 3,000 ብር የሚከፈላቸው ካህን 15 በመቶው የሚታሰብባቸው በትርፉ 1,000 ብር ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም 150 ብር ይሆናል። የደመወዝ ማስያ ሶፍትዌር ይህን በቅጽበት ያሰላል፤ አሮጌው የግብር ሠንጠረዥ ካልተለወጠለት ግን ስሕተቱን በየወሩ ይደግመዋል። የአድባራት ሒሳብ ሹሞች ሆይ፣ ሠንጠረዡን አድሱ፤ ስሌቱንም ለአባቶች በወረቀት አሳዩ።