ጎጃም በማሳው ያቆየው ዋንዛ

ደምበጫ አካባቢ ለበር፣ ለአልጋ ወይም ለከበሮ የሚሆን ግንድ የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ጫካ አይወርድም፤ የሚሄደው ወደ ገበሬው ማሳ ነው። ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ በቆሎና ጤፍ መሀል ተነጣጥለው ከቆሙት ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ብዙዎቹ ዋንዛ ናቸው። ማንም በመስመር አልተከላቸውም። ወፍና እረኛ ጣፋጩን፣ የሚያጣብቀውን ፍሬ በልተው ጠንካራውን ዘር ጣሉ፤ ዝናብ ሲያገኝ በቀለ፤ ገበሬውም ሲያርስ ችግኙን አልፎ አረሰ። የዋንዛ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም ይኸው የሞፈር ምሕረት ነው።

በሌላው ዓለም ሮዝዉድ የሚባሉት ቀያይ እንጨቶች ለጊታርና ለውድ የቤት ዕቃ ሲባል ተጨፍጭፈዋል። ሮዝዉድ የሚገኝባቸው የዳልበርጊያ ወገን ዛፎች በሙሉ በ2009 ዓ.ም. በዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር ሥር የገቡትም ለዚህ ነው። ከዚሁ ወገን አንዱ በሀገራችን ቆላ ይበቅላል። በጎጃም ወይና ደጋ ግን የከበረ እንጨትነቱን ቦታ የያዘው ዋንዛ ነው። ልቡ ቡናማ ሆኖ ቅላት ያዘለ፣ ለመጥረቢያና ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ሲለሰልስ የሚያበራ እንጨት ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ይህን ዛፍ በደንብ አይቶታል። ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ሰከላ ደርሶ የግሽ ዓባይን ምንጭ የጎበኘ ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ጎንደር ውስጥ በየቤቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ዋንዛ መተከሉን፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዛፎቹ በአንድ ሌሊት ነጭ አበባ ለብሰው ከተማዋ በረዶ የወረደባት መስላ እንደምትታይ ጽፏል። ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ላማርክ ለዛፉ ዛሬም የሚጠራበትን ሳይንሳዊ ስም፣ ኮርዲያ አፍሪካና የሚለውን፣ ሰጠው። ብሩስ ያየው ዋንዛ እንግዲህ የዱር ዛፍ አልነበረም፤ የሰው ጎረቤት ነበር።

ጠራቢው ከዋንዛ ያላወጣው ዕቃ ጥቂት ነው። የማኅሌቱ ከበሮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ቆዳ ይለብሳል። በገናውም ከዋንዛ ይሠራል፤ ሙቀጫው፣ ገበታውና የቤተ ክርስቲያን በሩም እንዲሁ። ሁለት ሰዎች አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው የሚስቡት መጋዝ ሲመጣ ጣውላ ማውጣት ቀለለ፤ የከተማው አናጺም አልጋና ቁምሳጥኑን ከዋንዛ መሥራት ያዘ። ፈላጊው በዛ፣ ዛፉ ግን በችኮላ አያድግም።

መንግሥት ይህን ተረድቶ በ1986 ዓ.ም. በወጣው የደን ጥበቃ፣ ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር በመንግሥት ደን ውስጥ እንዳይቆረጥ ከለከለ። መልካም አዋጅ ነበር። ነገር ግን የደምበጫው ዋንዛ ያለው ማሳ ላይ ነው፤ የእሱ ዕድል በገበሬው እጅ ነው የሚወሰነው።

የገበሬውም ስሌት ተለውጧል። በአፄ ምኒልክ ዘመን ለአዲስ አበባ ማገዶ የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬ የጎጃምን ማሳ እየያዘ ነው። በጥቂት ዓመት ለአጣና ይደርሳል፣ ሲቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ገንዘቡ ቶሎ እጅ ይገባል። ገበሬውን በዚህ መውቀስ ግፍ ይሆናል። ሆኖም ባሕር ዛፍ ሥር ሰብል ሲቀጭጭ፣ ዋንዛ ቅጠሉን አርግፎ አፈሩን ይመግባል፤ አበባው ለንብ ቀለብ፣ ጥላው ለቡና ከለላ ነው። ቅርንጫፉ ከተመለመለለት ሰብሉንም አይጋርድም።

ስለዚህ ማሳው ውስጥ የዋንዛ ችግኝ ያገኘ ገበሬ እንደ አባቶቹ ሞፈሩን ዘወር ያድርግላት። ችግኝ ጣቢያዎችም ከባሕር ዛፉ መደብ አጠገብ ለዋንዛ አንድ መደብ ያብጁ፤ የበሰለውን ፍሬ ለቅሞ፣ ሥጋውን አጥቦ ማፍላት ብዙ ወጪ አይጠይቅም።