ሚስተር ዴቪድ ዴይን ከአርሰናል የተሰናበቱበት ቀን

የእንግሊዝ የውድድር ዘመን ወደ ፍጻሜው በሚቃረብበት በሚያዝያ ወር፣ ደጋፊ ሁሉ ዓይኑን ከደረጃ ሰንጠረዡ ላይ በማያነሣበት ጊዜ፣ የአርሰናልን ዜና መዋዕል የሚያውቅ ሰው ሊዘነጋው የማይገባ አንድ ቀን አለ፤ ይኸውም ሚያዝያ 10 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዕለት የክለቡ ምክትል ሊቀ መንበር ሚስተር ዴቪድ ዴይን፣ ሃያ አራት ዓመት ጉልበታቸውንና ዕውቀታቸውን ያፈሰሱበትን ቤት ለቀው ወጡ፤ ክለቡም በመካከላቸው ሊታረቅ የማይችል ልዩነት መፈጠሩን በአጭር መግለጫ አስታወቀ። ጥፋቱ የባለ አክሲዮኖቹ ነው ወይስ የሚስተር ዴይን የሚለው ክርክር፣ በሰሜን ለንደን ጎዳናዎችም ሆነ መድፈኞቹን አርሰናሎች በሚወዱ ኢትዮጵያውያን ዘንድ በአዲስ አበባ የዲኤስቲቪ ቤቶች፣ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም።

አርሰናል ለረጅም ዘመን እንደ አባት ርስት ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ክለብ ነበር፤ ሰር ሳሙኤል ሂል-ዉድና ልጃቸው ዴኒስ በየዘመናቸው በሊቀ መንበርነት ከተቀመጡበት በኋላ፣ በ1982 (ከዚህ ወዲያ የሚጠቀሱት ዓመታት እስከ መጨረሻው አንቀጽ ድረስ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) መንበሩ ለልጅ ልጃቸው ለሚስተር ፒተር ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት፣ ስኳርና ሌላም ሸቀጥ በመነገድ የበለጸጉት ሚስተር ዴይን 292 ሺሕ ፓውንድ ከፍለው ከክለቡ አክሲዮን 16.6 በመቶ ያህሉን በገዙ ጊዜ፣ ሊቀ መንበሩ ገንዘቡ ፍሬ የማያፈራ የሞተ ገንዘብ መሆኑን በይፋ ተናገሩ። የእግር ኳስ ክለብ ባለቤትነት ክብር እንጂ ትርፍ በማያስገኝበት በዚያ ዘመን፣ አነጋገራቸው እንግዳ አልነበረም።

ሚስተር ዴይን ግን የሚመጣውን ዘመን አስቀድመው የሚመለከቱ ሰው ነበሩ። በ1992 ፕሪምየር ሊግ ሲመሠረት፣ ታላላቆቹ ክለቦች ከነባሩ ሊግ ተለይተው የቴሌቪዥን መብታቸውን ራሳቸው እንዲሸጡ አጥብቀው ከተከራከሩት ግንባር ቀደሞች አንዱ እርሳቸው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ ስማቸውን ያስጠራው ግን በ1989 ዘመን መለወጫ ሰሞን የተጀመረው ወዳጅነት ነው። ያን ጊዜ የሞናኮ አሰልጣኝ የነበሩት አርሰን ቬንገር፣ ከቱርክ ሲመለሱ በለንደን ዐርፈው፣ አርሰናል ከቶተንሃም የሚያደርገውን ጨዋታ ሊመለከቱ ወደ ክለቡ ሜዳ ወደ ሃይበሪ ገብተው ነበር። የሃይበሪ ደንብ ሴቶች ወደ ዳይሬክተሮቹ ክፍል እንዳይገቡ ስለሚከለክል ለሴቶቹ የተለየ ማረፊያ ነበረ፤ ቬንገርም በዚያ ማረፊያ ለሲጋራቸው እሳት ሲጠይቁ ከሚስተር ዴይን ባለቤትና ከጓደኛቸው ጋር ተዋወቁ። በዚያው ምሽት ከሚስተር ዴይን ጋር ለእራት ተጋበዙና፣ ከማዕድ በኋላ የቴአትርና የመጽሐፍ ስም ያለ ቃል በአካል እንቅስቃሴ ብቻ በሚገለጽበት ጨዋታ፣ እንግሊዝኛው ገና ያልጠራላቸው እኒህ ፈረንሳዊ የሼክስፒርን «የበጋ ሌሊት ሕልም» ለእንግዶቹ አስረዱ። ሚስተር ዴይን ይህ ሰው አንድ ቀን አርሰናልን ማሠልጠን አለበት የሚል አሳብ በልባቸው ያደረው በዚያች ሌሊት መሆኑን ደጋግመው ተናግረዋል።

አሳባቸው ግን ወዲያው አልተፈጸመም። አሰልጣኙ ጆርጅ ግራሃም በ1995 ሲሰናበቱ ሚስተር ዴይን የቬንገርን ስም ለክለቡ የዳይሬክተሮች ሸንጎ አቀረቡ፤ ሸንጎው የውጭ አገር ሰው ለመሾም አልደፈረም። በዓመቱ የግራሃም ተተኪ ብሩስ ሪዮክ ሲነሡ እንደገና ተሟገቱ፤ በዚህ ጊዜ ተሰሙ፤ ቬንገርም በ1996 ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ኤይት መጡ። ከዚህ በኋላ ያለው ለአንባቢ የተሰወረ አይደለምና አላስረዝመውም፤ በ2003–04 ከ38 ጨዋታ 26 አሸንፎ፣ በ12 አቻ ወጥቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ ዋንጫውን ያነሣው ቡድን የዚያ ሹመት ፍሬ ነው። ሁለቱ ሰዎች የሥራ ክፍፍላቸው የተስማማ ነበር፤ አሰልጣኙ ተጫዋቹን ይመርጣሉ፣ ሚስተር ዴይን ተደራድረው ያስፈርማሉ።

ልዩነቱ የመጣው በስታዲየሙና በገንዘቡ ነገር ነው። 38 ሺሕ ሰው ብቻ የሚይዘው ሃይበሪ ለታላቅ ክለብ ጠባብ መሆኑን ሁሉም ያምን ነበር፤ ሚስተር ዴይን ወደ ዌምብሌይ የሚደረገውን ዝውውር ሲደግፉ፣ በአልማዝ ንግድ የከበሩትና ከሚስተር ዴይን አክሲዮን እየገዙ የትልቁ ድርሻ ባለቤት የሆኑት ሚስተር ዳኒ ፊዝማን ግን በዚያው በሰፈሩ አዲስ ስታዲየም ይሠራ አሉ። አሸነፉም፤ 60 ሺሕ ተመልካች የሚይዘው፣ 390 ሚሊዮን ፓውንድ የፈጀውና ክለቡን በ260 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ያሰረው ኤምሬትስ ስታዲየም በ2006 ተከፈተ። በዚህ መካከል ሮማን አብራሞቪች በ2003 ቼልሲን ገዝተው የተጫዋች ዋጋ ሰማይ አድርሰውት ነበርና፣ ሚስተር ዴይን አንድ ብድር ያለበት ክለብ ታላቅ ካፒታል ያለው ባለሀብት ሳያስገባ ሊወዳደር አይችልም ወደሚል አቋም ደረሱ። በዚህም አሳብ ከአሜሪካዊው ባለሀብት ከስታን ክሮንኬ ጋር መነጋገር ጀመሩ፤ ክሮንኬም በሚያዝያ 2007 የቴሌቪዥን ኩባንያው አይቲቪ የያዘውን 9.9 በመቶ አክሲዮን ገዙ።

ሸንጎው ይህን ከጀርባ እንደ ተዶለተ ነገር ቆጠረው። ሚስተር ሂል-ዉድ የክሮንኬን ገንዘብ እንደማያስፈልጋቸው፣ የእርሳቸውን ዓይነት ሰውም እንደማይሹ ለጋዜጦች ተናገሩ፤ ዳይሬክተሮቹም ለአንድ ዓመት አክሲዮናቸውን ላለመሸጥ ተስማሙ። ሚስተር ዴይን በ2022 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው፣ መልቀቂያ አስገብተው እንዳልወጡ፣ ይልቁንም ሳያስቡት ተጠርተው በዕለቱ እንዲሰናበቱ እንደ ተነገራቸው ጽፈዋል። እኔም ይህን ቃል አምናለሁ፤ ሃያ አራት ዓመት ያገለገለ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲሄድ፣ ቢያንስ የውድድሩ ዘመን እስኪያልቅ ድረስ ተጠብቆ በክብር ይሸኛል እንጂ በሳምንቱ መካከል በአንድ አጭር ወረቀት አይሸኝም።

ከሸንጎው ወገን የቆሙት ደጋፊዎች የሚያቀርቡት ማስረጃ ቀላል አይደለም። ሚስተር ዴይን በተሰናበቱበት ዓመት ነሐሴ ወር ድርሻቸውን በ75 ሚሊዮን ፓውንድ ለባለሀብቶቹ ለአሊሸር ኡስማኖቭና ለፋርሃድ ሞሺሪ ኩባንያ ሸጠው የዚያው ኩባንያ ሊቀ መንበር ሆኑ፤ ክለቡን እወዳለሁ የሚል ሰው ይህን ያደርጋልን ይላሉ። ስታዲየሙ ተሠርቶ ብድሩ ሳያንገዳግደን ኖረናል፤ ሚስተር ፊዝማን አርቀው አይተዋል ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር እውነት ነው፤ ክለቡ ዛሬ በሚያገኘው የትኬት ገቢ ላይ የሚስተር ፊዝማን ጽናት እንዳለበት የሚክድ ሰው ፍርዱን ያጣመመ ነው። ለኡስማኖቭ የተደረገውን ሽያጭ ደግሞ እኔም ላመሰግነው አልችልም።

የወዲያኛው ወገን መልስ ግን ይመዝናል። ሚስተር ዴይን በወጡ በሁለተኛው ወር አጥቂው ቴሪ ኦንሪ ወደ ባርሴሎና ሲሄድ፣ የእርሳቸው መሰናበትና የቬንገር የወደፊት ዕጣ አለመታወቅ ልቡን እንዳናወጠው ተናገረ። ቬንገር ራሳቸው ለመሄድ አስበው ነበር፤ እንዲቆዩ የመከሯቸው የተባረሩት ወዳጃቸው መሆናቸውን ሁለቱም መስክረዋል። ከዚያ በኋላ እስከ 2014 የኤፍኤ ካፕ ድረስ አርሰናል አንድም ዋንጫ አላነሣም።

ከሁሉም በላይ የክርክሩን ሚዛን የሚያዘነብለው የራሱ የሸንጎው ሥራ ነው። ሰውየውን አንሻም በተባለ በዓመት ከመንፈቅ ገደማ፣ በመስከረም 2008፣ ክሮንኬ በዚያው ሸንጎ ውስጥ ወንበር ተሰጣቸው። በሚያዝያ 2011 ሚስተር ፊዝማን በጽኑ ሕመም ላይ ሳሉ፣ ሌላዋ ባለ አክሲዮን ሌዲ ኒና ብሬስዌል-ስሚዝም ከእርሳቸው ጋር፣ ድርሻቸውን ለክሮንኬ ሸጡና የአሜሪካዊው ይዞታ ከ62 በመቶ በላይ ሆነ፤ ሚስተር ፊዝማን ሽያጩ በተነገረ በሁለተኛው ቀን ዐረፉ። በ2018 ክሮንኬ የኡስማኖቭን ድርሻ በ550 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝተው ክለቡን ጠቀለሉት፤ አንዲት አክሲዮን ከአባቱ ወርሶ በፍሬም ሰቅሎ የኖረ ደጋፊ ሁሉ በሕጉ መሠረት እንዲሸጥ ተገደደ። ይህን መከራ ያመጡት ሚስተር ዴይን ናቸው የሚሉ አሉ፤ እርሳቸው ክሮንኬን አስተዋወቁ እንጂ ቁልፉን ያስረከቡት በቁልፉ ላይ ሥልጣን የነበራቸው ናቸው። አንድን ሰው ባመጣው አሳብ ምክንያት አባርሮ፣ አሳቡን ግን ራስ ወስዶ መፈጸም፣ በየትኛውም ሸንጎ ቢሆን ትክክለኛ ፍርድ ሊባል አይችልም።

ነገሩ ለእኛም የራቀ አይደለም። ሚስተር ዴይን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1992 የተሟገቱለት ሥርዓት፣ ማለት ክለቦች ራሳቸው ባለቤት የሆኑበት ሊግ፣ በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር በኩል ወደ አገራችን ገብቷል፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም ጨዋታዎቻችን በዲኤስቲቪ ተላልፈዋል። ገንዘብ በገባበት የባለቤትና የሥራ መሪ ግጭት መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ የክለቦቻችንን ሸንጎ የምትመሩ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ክለባችሁን ያገለገለውን ሰው የምታሰናብቱበት ቀን ሲመጣ፣ ምክንያቱን ለደጋፊው ሳትሸሽጉ በጽሑፍ ግለጹለት፣ የተሰናበተውም ሰው መልሱን በአደባባይ እንዲሰጥ ፍቀዱለት።