የነጂው እጅ ሲዝል

በእንፋሎት ባቡር ዘመን ሎኮሞቲቭ ላይ አንድ ሰው ብቻውን የሚሳፈርበት ጊዜ እምብዛም አልነበረም። አንደኛው የእንፋሎቱን መክፈቻ ይዞ ሐዲዱን ሲመለከት፣ ሌላው ከሰል እየዛቀ ምድጃውን ይመግብ ነበር። ከሰል ዛቂው የተቀጠረው ለእሳቱ እንጂ ለጥበቃ አልነበረም፤ ይሁንና ነጂው ድንገት ራሱን ቢስት ፍሬኑን የሚይዝ ሁለተኛ እጅ በዚያው ክፍል ውስጥ ነበረ። ይህ ማንም ሳያቅደው የተገኘ መድኅን የጠፋው ኤሌክትሪክ ሲመጣ ነው።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍራንክ ስፕራግ እ.ኤ.አ. በ1888 በሪችመንድ ከተማ የኤሌክትሪክ ትራም መስመር ሥራ ላይ ካዋለ በኋላ፣ በ1897 በቺካጎ የብዙ ፉርጎዎችን ሞተሮች ከፊተኛው ክፍል ሆኖ በአንድ እጀታ ማዘዝ የሚያስችለውን ዘዴ አቀረበ። እሳት ስለሌለ ከሰል ዛቂ አላስፈለገም። ኩባንያዎቹ አንድ ደመወዝ አተረፉ፤ ትርፉ ግን አንድ ጥያቄ አስከተለ። ይኸውም በመቶ የሚቆጠሩ መንገደኞች የያዘው ባቡር በአንድ ሰው እጅ ብቻ ሲነዳ፣ ያ ሰው ቢታመም፣ ቢያንቀላፋ ወይም ቢሞት ማን ያቆመዋል? የሚል ነበር።

መልስ ሆኖ የቀረበው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የሙት ሰው እጀታ» የሚል ከበድ ያለ ስም ያወጡለት መሣሪያ ነው። የመቆጣጠሪያውን እጀታ፣ ወይም ከእግር ሥር ያለውን ፔዳል፣ ሞላ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነጂው ተጭኖ ካልያዘው ይነሣል። በተነሣም ጊዜ የሞተሩ ኤሌክትሪክ ይቋረጣል፤ የአየር ፍሬኑም ቧንቧ ይከፈታል። እዚህ ላይ የጆርጅ ዌስቲንግሃውስን ሥራ ማስታወስ ተገቢ ነው። እርሱ በ1872 ባወጣው አውቶማቲክ ፍሬን፣ ፍሬኑ የሚይዘው በቧንቧው ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ሲጨምር ሳይሆን ሲቀንስ ነው፤ ስለሆነም ቧንቧ ቢፈነዳ ወይም ፉርጎ ቢገነጠል ባቡሩ በራሱ ይቆማል። የሙት ሰው እጀታም የዚሁ ሐሳብ ልጅ ነው። ባቡሩን ለማቆም ማንም ምንም ማድረግ አያስፈልገውም፤ ጉዞውን ለማስቀጠል ግን አንድ ሰው ያለማቋረጥ መድከም አለበት።

ሐሳቡ ውብ ነው። ችግሩ መሣሪያው የሚለካው ክብደትን እንጂ ሕይወትን አለመሆኑ ነው።

ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1986 በካናዳ አልበርታ ግዛት፣ በሂንተን ከተማ አጠገብ፣ አንድ የጭነት ባቡር የመቆሚያውን ምልክት አልፎ ከመንገደኞች ባቡር ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ፤ 23 ሰዎች ሞቱ። የጭነት ባቡሩ መሪ ሎኮሞቲቭ የሙት ሰው ፔዳል ነበረው። ይሁን እንጂ በዚያ መስመር ብዙ ነጂዎች ፔዳሉን ለሰዓታት መርገጥ ሲሰለቻቸው አልቆ የተጣለ የፍሬን ብረት ይጭኑበት እንደነበር በምርመራው ተገለጸ። በዚያን ዕለት እንዲህ ተደርጎ እንደሆነ ግን ማረጋገጥ አልተቻለም፤ የነጂው ክፍል ጨርሶ ወድሞ ነበርና። ከሁሉ የሚያስቆጨው ሌላ ነው። ነጂው በየጊዜው ንቁ መሆኑን እንዲያሳይ የሚያስገድደው የተሻለ መሣሪያ በዚያው ባቡር በሁለተኛው ሎኮሞቲቭ ላይ ተገጥሞ ነበር፤ ያ ሎኮሞቲቭ ግንባር ቀደም ያልሆነው የነጂው ክፍል ምቾት ስላልነበረው ነው። ብረት የጫኑትን ነጂዎች በስንፍና መክሰስ ቀላል ነው፤ አንድን እግር በሞላ ላይ ለረጅም ሰዓት እንዲያዝ የሚፈርድን ንድፍ የሠራው ግን መሐንዲስ ነው።

በአውስትራሊያ የደረሰው ደግሞ ያለ ብረትም የሚሆን መሆኑን አሳየ። ጃንዋሪ 31 ቀን 2003 ከሲድኒ በስተደቡብ፣ ዋተርፎል አጠገብ፣ የአንድ ባቡር ነጂ በልብ ድካም በመቀመጫው ላይ እንዳለ ራሱን ሳተ። እግሩ ከፔዳሉ ላይ አልተነሣም። መርማሪዎቹ እንደደረሱበት፣ ከ110 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው እግሮች በዝምታ ክብደታቸው ብቻ ፔዳሉን ተጭነው ሊይዙት ይችሉ ነበር። ባቡሩ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት በተፈቀደበት ጠመዝማዛ ላይ በ117 ገብቶ ተገለበጠ፤ ነጂውን ጨምሮ 7 ሰዎች ሞቱ። ከኋላ የነበረው የባቡሩ ተቆጣጣሪ የአደጋ ጊዜ ፍሬን ቢኖረውም አልተጠቀመበትም። በሌሎች ተመሳሳይ ባቡሮች ፔዳሎች አጠገብ የተገኙት ምልክቶችም ነጂዎች የምልክት ባንዲራቸውን እንጨት ለመሸጎሪያ እንደሚያውሉት መሰከሩ። ሂንተን ላይ የፍሬን ብረት፣ እዚህ የባንዲራ እንጨት መሆኑ ነው።

አውሮፓውያን ለዚህ ያገኙት ዘዴ መጫን ብቻ ሳይሆን መልቀቅም እንዲያስፈልግ ማድረግ ነው። በጀርመን ሥርዓት ነጂው በየ30 ሴኮንዱ ፔዳሉን ለቅጽበት መልቀቅ አለበት፤ ከዘነጋ በመጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎ ድምፅ ያስጠነቅቀዋል፤ በመጨረሻ ፍሬኑ ይይዛል። እንዲህ ሲሆን ብረትም ሬሳም ሊያታልሉት አይችሉም። ልማድ ግን ይችላል፤ ለዓመታት ያንኑ ያደረገ እግር ጌታው ሊያሸልብ ሲል እንኳ ሥራውን ሊቀጥል ይችላል።

መሣሪያው ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ያልረዳበት ጊዜም አለ። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1975 በለንደን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ሙርጌት በተባለው የመስመር ማብቂያ ጣቢያ፣ ስድስት ፉርጎ ያለው ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ጣቢያውን አልፎ ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተላተመ። 43 ሰዎች ሞቱ፤ ነጂውም አንዱ ነበር። እጁ እስከ መጨረሻ እጀታውን እንደያዘ ነበር። አስከሬኑ ሲመረመር ሕመም አልተገኘበትም፤ አድራጎቱ ሆን ተብሎ ይሁን ወይም በድንገተኛ መታወክ ሳይታወቅ ቀረ። እጀታው ተይዟልና ባቡሩ እንዲሄድ ፈቀደ። ከዚህ በኋላ በለንደን የተወሰደው እርምጃ በነጂው ላይ ሌላ መቆጣጠሪያ መጨመር አልነበረም። በመስመር ማብቂያ ጣቢያዎች በሐዲዱ አጠገብ የባቡሩን ፍጥነት የሚለኩና ከተወሰነው በላይ ሲሆን ፍሬን የሚያስይዙ መሣሪያዎች ተተከሉ፤ እነዚህም እጀታው ተያዘም ተለቀቀም ባቡሩን ያቆማሉ።