ከመራራ ፍሬ እስከ በዓል ገበታ

የአንድ ሕዝብ ታሪክ በቤተ መንግሥት መዛግብትና በጦር ሜዳ ውሎ ብቻ ተጽፎ የቀረ አይደለም። በምጣድና በድስት፣ በጋንና በማጀትም ተጽፏል። የዚህ ታሪክ ደራስያን ስማቸው በዜና መዋዕል ያልሰፈረ እናቶች ናቸው። ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዐባይ ሸለቆ አፋፍ የተዘረጋው የጎጃም ደጋ ለዚህ አባባል በቂ ማስረጃ ያቀርባል።

በፋሲካ ጾሙ ሲገደፍ የሚቀርበው ዶሮ ወጥ የባህላችን ጥንታዊ መለያ ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ወጡን ያቀላው በርበሬ ትውልዱ ከአሜሪካ ምድር ነው። ኮሎምቦስ አትላንቲክን ከተሻገረበት ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት በአፍሪካም ሆነ በእስያ አይታወቅም ነበር። እንግዲያስ ዛሬ በምናውቀው መልኩ ዶሮ ወጥ ከ16ኛው ምእተ ዓመት የቀደመ ዕድሜ ሊኖረው አይችልም። ከባሕር ማዶ የመጣውን እንግዳ ፍሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከኮረሪማ ጋር ደልዘው የራሳቸው ያደረጉት የአገራችን ባለሙያዎች ናቸው። ዛሬ ቡሬና አካባቢው በበርበሬ ምርት የታወቁ መሆናቸው እንግዳው ምን ያህል ባለቤት እንደሆነ ያሳያል።

ጾሙም ቢሆን የፈጠራ መስክ ነበር። ምእመናን በዓመት ከ180 ቀናት በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ይታቀባሉ። ክልከላው ማጀቱን አላደኸየውም፤ ጥበብን ወለደለት እንጂ። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ በዓሣ ቅርጽ ይበጃል፤ በዘይት ተጠብሶ በወጥ ውስጥ ይጨመርና «የሽምብራ ዓሣ» ይባላል። ባቄላ ከሱፍና ከሰናፍጭ ጋር ተዋሕዶ ስልጆ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የጎጃምን የማጀት ጥበብ የሚመሰክረው ግን ግብጦ ነው። ግብጦ ሌላ ሰብል በማያፈራበት በደከመና በኮመጠጠ አፈር ላይ ይበቅላል፤ ናይትሮጂን በመጨመርም መሬቱን መልሶ ያዳብራል። ፍሬው ግን አልካሎይድ የተባለ መራራ መርዝ አለበት፤ እንደ ባቄላ ቆልቶ ወዲያው መብላት አይቻልም። ስለዚህ ባለሙያዋ ፍሬውን ትቆላዋለች፤ ከዚያም ምሬቱ ታጥቦ እስኪያልቅ ድረስ በወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ትዘፈዝፈዋለች። በመጨረሻም ገለፈቱን ልጣ በጨው ታቀርበዋለች። ከጠላ ጋር የሚቆረጠመው፣ ለሽሮ የሚፈጨው፣ አረቄም የሚወጣበት ይኸው ፍሬ ነው። ቤተ ሙከራ ባልነበረበት ዘመን ይህን ሥርዓት በሙከራና በትዕግሥት ያገኙ ሰዎች የሳይንስን ሥራ ሠርተዋል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የዐባይን ወንዝ ተከትለን ግብፅ ብንደርስ ይኸው ፍሬ «ቱርሙስ» ተብሎ፣ በተመሳሳይ መንገድ በውኃ ጣፍጦ፣ ሻም ኤል ነሲም በተባለው የጸደይ በዓል ሲበላ እናገኘዋለን። በኢጣሊያም በልደት ሰሞን በገበታ ላይ ይቀርባል። በእኛ ዘንድ አንዳንዱ እንደ ድኻ ምግብ የሚንቀው ፍሬ በሌላው ዘንድ የበዓል ማዕድ ነው።

ሙከራ ሁሉ ግን በደኅና አልተጠናቀቀም። ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ሽባ ያደርጋል። ለዚህ ምክንያት የሆነው መርዝ ተለይቶ የታወቀው በ1964 እ.ኤ.አ. ነው። ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መመገብ አደጋውን ይቀንሳል። የማጀት እውቀት የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን የሕይወትና የአካል ጉዳይ መሆኑን የሚያስገነዝበን ይህ ነው።

ይህ እውቀት በጽኑ የተፈተነው በክፉ ቀን፣ ከ1888 እስከ 1892 እ.ኤ.አ. ነበር። ጎጃም በተለይ ድርብርብ መከራ ወርዶበታል። በ1888 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት ሣር ውኃ ላይ በመሐዲስቶች ተሸነፈ፤ በዚያው ዓመት የዐፄ ዮሐንስ ጦር አገሩን ዘረፈው። የከብት ወረርሽኙ በሬውን ሲፈጅ ሞፈርና ቀንበር ሥራ ፈቱ። ቅቤና ሥጋ ከበዓል ገበታ እንደ ራቁ መገመት አያዳግትም። ጀርመናዊው ሺምፐር በ1858 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው የሚነገርለት ድንች በሰፊው መለመድ የጀመረው ከዚህ ረኀብ ወዲህ ነው። በሬ የሌለው ገበሬ በመቆፈሪያ ሊተክለው ይችላል፤ የመኸሩ እህል ሳይደርስም በክረምቱ የጭንቅ ወራት ይደርሳል። ዛሬ በጎጃም ደጋ ድንች ለጾም ወጥ የማይታጣ ነው።

አዲስ ምግብ ባህል የሚሆነው ደግሞ ሲካፈሉት ነው። የበዓል ቅርጫ ይህን በግልጽ ያሳያል። ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው አንድ በሬ ይገዛሉ፤ ሥጋውም፣ ጉበቱም፣ ጨጓራውም ሳይቀር በየመደቡ በእኩል ይደለደላል፤ ማን የትኛውን እንደሚወስድ የሚወስነው ዕጣ ነው። ብቻውን በሬ መጣል የማይችለው ሁሉ በዓሉን እንደ ሰው ይውላል። ቅርጫ ጥሬውን እንደሚያካፍል ሁሉ የጎረቤት ቡና፣ ማኅበርና ሰንበቴ ሙያውን ያካፍላሉ። አንዷ የሞከረችውን ሌላዋ ቀምሳ ወደ ቤቷ ትወስደዋለች።

በአሁኑ ዘመን ምሬት የሌለው የግብጦ ዝርያ ወደ አገራችን ገብቷል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን መራራውን የማጣፈጥ ጥበብ ሳይጻፍ ከቀረ ከአረጋውያኑ ጋር ያልፋል። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ቢልክና ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ፣ ምሬቱ መውጣቱ በምን እንደሚታወቅ አስጠይቆ ቢያስመዘግብ፣ የኪነ ጥበብ ሰውም ከበዓሉ ገበታ ጀርባ ያለችውን ባለሙያ ቢያስብ፣ ለመጪው ትውልድ የሚተርፍ ቅርስ ይገኛል። ክፉ ቀን ተመልሶ ቢመጣ ሰው የሚያድነው ማጌጫው ሳይሆን ይህን የመሰለው እውቀት ነውና።