"ራስን መርዳት" የተጀመረው በጋራ ነው

"ማንንም አትጠብቅ፣ በራስህ ጣር" የሚሉ መጻሕፍት ዛሬ በየመንገዱ ተዘርግተው ይሸጣሉ። ከቀደምቶቹ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1859 የታተመው የሳሙኤል ስማይልስ "ራስን መርዳት" ነው። አወላለዱ ግን ከስሙ ጋር አይገጥምም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሊድስ በምትባል የእንግሊዝ የፋብሪካ ከተማ ሁለት ሦስት ወጣት ሠራተኞች በብርዱ ወራት ማታ ማታ እየተሰበሰቡ መማማር ጀመሩ። አስተማሪ አልቀጠሩም። ትንሽ የሚያውቀው ምንም ለማያውቀው ማንበብ፣ መጻፍና ሒሳብ ያሳያል፤ በቃ። ቁጥራቸው እየበዛ ሲሄድ ቤቱ ጠበበ። የኮሌራ በሽተኞች ተኝተውበት ስለነበር ሰው ሁሉ የሸሸው አንድ ክፍል ነበር፤ እነሱ በሳምንት ሒሳብ ተከራዩት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው በ1845 ስማይልስን "መጥተው ትንሽ ያጫውቱን" ያሉት። በትምህርቱ ሐኪም፣ በኋላም የጋዜጣ አዘጋጅ የሆነ ሰው ነው። ያን ጊዜ የተናገረው አድጎ መጽሐፍ ሆነ፤ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 20,000 ቅጂ ተሸጠ። በ1871 ደግሞ በጃፓንኛ ወጣ።

ስማይልስ ራሱ በኋላ በርዕሱ አዝኗል። ርዕሱን ብቻ ያዩ ሰዎች መጽሐፉ ራስ ወዳድነትን የሚያወድስ መስሏቸው ነበርና።

የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ በተለይ ፈተናው ያልተሳካላችሁ፦ በር ዘግታችሁ አነቃቂ ንግግር ከመስማታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጓደኛ ፈልጉ። ሊድስ ላይ ተናጋሪው የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ቀድሞ የመጣው ጓደኝነቱ ነው።