ጥገኛ መጠጥ ቤት፦ ፍሪጁን ማን ሰጠህ?

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ግሮሰሪ በረንዳ ላይ ቁጭ ያለ ሰው ዙሪያውን ቢቃኝ፣ ዣንጥላውም፣ የፕላስቲክ ወንበሩም፣ በሩ አጠገብ የቆመው ፍሪጅም የአንድ ቢራ ስም ተጽፎባቸው ሊያገኝ ይችላል። ባለቤቱ ከኪሱ አውጥቶ አልገዛቸውም፤ የፋብሪካው የሽያጭ ሰዎች ናቸው ያመጡለት። እኛ ዘንድ ይህ ተራ ንግድ ነው፤ ማንም ቁብ አይሰጠውም። አሜሪካ ውስጥ ግን የቢራ አምራች ወይም አስመጪ ያንኑ ፍሪጅ ለአንድ ሬስቶራንት በነጻ ቢሰጥ ሊቀጣበት ይችላል። የሚከለክሉት ሕጎች በእንግሊዝኛ «ታይድ ሃውስ» ሕጎች ይባላሉ።

በአማርኛ «የጥገኛ መጠጥ ቤት ሕግ» ብንላቸው የሚስማማ ይመስለኛል። ቃል በቃል «የታሰረ ቤት» ቢባል ወህኒ ቤት ይመስላል። ጥገኛ መጠጥ ቤት ማለት በስም የራሱ ባለቤት ያለው፣ ነገር ግን በብድር፣ በዕቃ፣ በቤት ኪራይ ወይም በአክሲዮን ከአንድ አምራች ጋር ተሳስሮ የዚያን አምራች መጠጥ ብቻ ወይም አብልጦ የሚሸጥ ቤት ነው።

ስያሜው የእንግሊዝ ነው። እዚያ ጠማቂዎች መጠጥ ቤቶችን በገፍ ገዝተው ለተከራይ ይሰጡ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነገሩ የገነነው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ብዙ ከተሞች የመጠጥ ቤት ቁጥር ይቀንስልናል ብለው የፈቃድ ክፍያውን ከፍ አደረጉት። የሆነው ግን ሌላ ነው። ክፍያውን ያልቻለ ባለ መጠጥ ቤት ወደ ጠማቂው ሄደ፤ ጠማቂው ፈቃዱን ከፈለለት፣ ባንኮኒውን፣ መስተዋቱን፣ ብርጭቆውን አሟላለት፣ በምላሹም «ከእኔ ቢራ ሌላ እንዳትሸጥ» አለው። የሚልዋኪው ሽሊትዝ ፋብሪካ ቺካጎ ውስጥ ሕንጻውን ጭምር ራሱ ይሠራ ነበር። ዛሬ ሹባስ በሚል ስም የሚታወቀውና እ.ኤ.አ. በ1903 የተሠራው ቤት አሁንም ቆሟል፤ በቀበቶ የታሰረው የፋብሪካው የዓለም ሉል ምልክትም ከጡቡ ግድግዳ ላይ አልጠፋም።

ችግሩ ቢራው የማን መሆኑ አልነበረም። እያንዳንዱ ጠማቂ የራሱን ቤት ሲከፍት አንድ መንገድ ላይ መጠጥ ቤቱ ገበያው ከሚፈልገው በላይ በዛ። ዕዳ ያለበት ባለቤት ደግሞ ምርጫ የለውም፤ በርሜሉ ማለቅ አለበት። ስለዚህ ከተፈቀደው ሰዓት ውጭም ይሸጣል፣ ለልጅም ይሸጣል፣ ከጓዳ ቁማር ያስጫውታል። ፖሊስ ቢዘጋበት ጠማቂው ሌላ ሰው ያስገባል። የመጠጥ ተቃዋሚዎች ሲያሰሙት ከነበረው ክስ አንዱ ይህ ነበር፤ በ1920 አገር አቀፍ የአልኮል ክልከላ ሥራ ላይ ዋለ።

ክልከላው በታኅሣሥ 1933 ሲነሳ ጥያቄው «ያ ዘመን እንዳይመለስ ምን ይደረግ?» የሚል ሆነ። ባለጸጋው ትንሹ ጆን ዲ. ሮክፌለር ያስጠኑትና ሬይመንድ ፎስዲክና አልበርት ስኮት የጻፉት ጥናት ጥገኛ መጠጥ ቤት ዳግም እንዳይበቅል አጥብቆ አሳሰበ። 21ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መጠጥን የመቆጣጠር ሥልጣን ለክፍለ ግዛቶች ሰጠ፤ አብዛኞቹም አምራች፣ ጅምላ አከፋፋይና ቸርቻሪ እንዲለያዩ ደነገጉ። የፌዴራሉ ሕግ በ1935 ወጣ።

የፌዴራሉን ደንብ ያነበበ ሰው በዝርዝሩ ይገረማል። ፖስተር፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የቀን መቁጠሪያ፣ የብርጭቆ ማስቀመጫ፣ የወረቀት ናፕኪን መስጠት ይቻላል፤ ማስታወቂያው ግልጽ ሆኖ ከታየባቸው። ሰዓቱን ስለሰቀለ ግን ለባለቤቱ መክፈል አይቻልም። የዕቃ መደርደሪያና ማሳያ ለአንድ የመጠጥ ስም በአንድ መደብር በአንድ ጊዜ ከ300 ዶላር ዋጋ ማለፍ የለበትም። የድራፍት መቅጃ ይሸጣል እንጂ አይሰጥም፤ ዋጋውም ከተገዛበት ሳያንስ በ30 ቀን ውስጥ መሰብሰብ አለበት። የዱቤ ሽያጭም ከ30 ቀን አያልፍም። ፊት ለፊት የሚታይ መደርደሪያ ለማግኘት መደብሩን መክፈልም ክልክል ነው። ክፍለ ግዛቶች ከዚህ የጠበቀ ሊደነግጉ ይችላሉ።

ማስታወቂያ ላይ ሲደርስ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አሜሪካ ውስጥ ማስታወቂያ ራሱ በሕገ መንግሥቱ የንግግር ነጻነት ጥላ ሥር ነው። ሮድ አይላንድ የመጠጥ ዋጋ በማስታወቂያ እንዳይነገር ከልክላ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1996 ሻረባት። ስለዚህ መንግሥት ይበልጥ የሚይዘው ከማስታወቂያው ጀርባ ያለውን ገንዘብ ነው። አንድ ኩባንያ ካሊፎርኒያ ውስጥ በመጠጥ መደብሮች የማስታወቂያ ስክሪን ተክሎ ገቢውን ከባለ መደብሩ ጋር ሊካፈል አሰበ፤ አምራቾቹ ሕጉን ፈርተው ማስታወቂያ ነፈጉት። ኩባንያው ሕጉን ተቃውሞ ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2017 ለክፍለ ግዛቷ ፈረደ። እዚያው ካሊፎርኒያ በ2014 ሳክራሜንቶ ውስጥ በተካሄደ የወይን ጠጅ ዝግጅት ምክንያት ጥቂት የወይን ጠጅ አምራቾች ተከሰው ነበር፤ ጥፋታቸው ዝግጅቱን በትዊተር ማስተዋወቃቸው ነው፤ ስፖንሰሩ ሱፐርማርኬት ስለነበር ለቸርቻሪ ነጻ ማስታወቂያ ሠራችሁ ተባሉ። ይህኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከመጠን ያለፈ ነው።

በአክሲዮን በኩል ያለው ጥብቅነትም ቀላል አይደለም። ኦክሶ የተባሉት ሱቆች ባለቤት የሆነው የሜክሲኮው ፌምሳ የቢራ ሥራውን በ2010 ለሄኒከን ሲያስተላልፍ 20 በመቶ ድርሻ አገኘ። በኋላ በቴክሳስ ባለው ቅርንጫፉ በኩል ሱቅ ከፍቶ ቢራ ልሽጥ ሲል ፈቃድ ተከለከለ፤ የክፍለ ግዛቷ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2017 ክልከላውን አጸና። የሐረርና የበደሌ ቢራ ፋብሪካዎችን እ.ኤ.አ. በ2011 የገዛው፣ ኋላም ዋልያን ያመጣው ሄኒከን መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል።

ሕጉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ካሊፎርኒያ በየጊዜው የጨመረቻቸው ልዩ ፈቃዶች አስቂኝ ደረጃ ደርሰዋል፤ የአንድን ስታዲየም ስም ሳይጠሩ «በእነዚህ አውራጃዎች የሚገኝ፣ ከ10,000 በላይ ወንበር ያለው» እያሉ ይጽፋሉ። አቅም ያለው በር ያስከፍታል፤ ትንሹ ጠማቂ ግን ቁልፉን አያገኝም። እንግሊዝ ደግሞ ሌላ መንገድ ሞክራለች። በ1989 ትልልቆቹ ጠማቂዎች ከ2,000 በላይ ያላቸውን መጠጥ ቤት በከፊል እንዲለቁ ታዘዙ፤ ብዙዎቹ ቤቶች ግን ቢራ በማይጠምቁ ትልልቅ የመጠጥ ቤት ባለቤት ኩባንያዎች እጅ ገቡ፤ ጥገኝነቱ ባለቤት ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ከእኛ አገር ጋር ሲነጻጸር የአሜሪካው አካሄድ ተቃራኒ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወጣ። ዒላማው ተመልካቹ የሚያየው ነው። ከፋብሪካው ወደ ግሮሰሪው የሚሄደው ፍሪጅ፣ ዣንጥላና ብድር ግን ማስታወቂያም ውልም ነው፤ እንዲያውም ስክሪኑ ሲዘጋ ዋጋው የሚጨምረው በረንዳው ነው። የማስታወቂያ ክልከላ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በዋሽንግተንና አካባቢው፣ በሎስ አንጀለስም ሆነ በዳላስ ሬስቶራንት ከፍታችሁ መጠጥ የምትሸጡ ወገኖች፣ አስመጪው ወይም አከፋፋዩ «ፍሪጁን እኔ አመጣለሁ» ሲላችሁ አመስግናችሁ ከመቀበላችሁ በፊት ለክፍለ ግዛታችሁ የመጠጥ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ደውላችሁ ጠይቁ። ካሊፎርኒያን በመሰሉ ቦታዎች ሰጪው ብቻ ሳይሆን ተቀባዩም ይጠየቃል።