ሌኒ ብሩስና ወዳጆቹ

ልጆቼ፥ ሌኒ ብሩስ የሚባል አሜሪካዊ ቀልደኛ ነበረ። ብቻውን መድረክ ላይ ቆሞ የሃይማኖት ሰዎችን ግብዝነትና የዘር ንቀትን በቀልድ ይገርፍ ነበር፤ አፉ ግን ልጓም አልነበረውም። በ1961 እ.ኤ.አ. በሳን ፍራንሲስኮ ስለ ጸያፍ ንግግር ተይዞ በማግሥቱ ዓመት ነጻ ወጣ። በ1964 ግን በኒውዮርክ የ4 ወር እስራት ተፈረደበት፤ ይግባኙ ሳይቋጭ በ1966 በ40 ዓመቱ ሞተ። የግዛቲቱ ገዥ ምሕረት ያደረጉለት በ2003 ነው፤ ለሙት ምን ሊበጀው!

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ቃላቱን አልደግማቸውም፤ ድፍረቱን ግን አደንቃለሁ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የኒውዮርኩ ችሎት ነው። ቀልዱን ተቀምጦ ያዳመጠ አንድ የከተማው ተቆጣጣሪ፥ ማስታወሻ ይዞ ኖሮ፥ ለዳኞቹ ተረከላቸው፤ ቁም ነገሩ ጠፍቶ ጸያፉ ቃል ብቻ ቀረ። ብሩስም በሌላ ሰው አፍ በተበላሸ ቀልድ ሊፈረድብኝ ነው ብሎ ተማረረ።

እኔ ያየኋቸው ወዳጆቹም እንደዚያ ተቆጣጣሪ ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የብሩስን ቀልድ እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣው ነበር። አንድ ቀን ከእርሱ የለቀመውን ስድብ ክፍል በምትጠርግ ሴት ላይ አወረደው፤ ስትቆጣም «ቀልድ አይገባሽም» አላት። መምህራኑ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እርሷ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች።